ሃይድሮጅንን ዱቄት ውስጥ መቋጠር

ቤዛ፦ ዛሬ የምናወራው ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስለሚገባ ማዕድን ነው።

ናሆም፦ ቆይ፣ ርዕሳችን ሃይድሮጅን አልነበረም እንዴ?

ቤዛ፦ ነው እኮ! ቦራክስ የሚባል ነጭ ጨው አለ፤ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ለሳሙናም፣ ለመስታወት ሥራም ይውላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሟ ራሱ ቦሮን የሆነ ከተማ አጠገብ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ያወጡታል። ከዓለም የቦሮን ክምችት አብዛኛው ያለው ግን ቱርክ ነው። ከዚህ ማዕድን ሃይድሮጅን የሚይዝ ዱቄት ይሠራል።

ናሆም፦ ዱቄት ለምን አስፈለገ? ጋዝ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ክተቺው፣ አለቀ።

ቤዛ፦ ይቻላል። ችግሩ ቦታ ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው፤ የቤንዚንን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ግን ሳይታመቅ ከተቀመጠ 11 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ስለዚህ መኪና ላይ እንደ ነዳጅ ሲጫን በ700 ባር ይታመቃል። ወይ ደግሞ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል።

ናሆም፦ 700 ባር ማለት ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት 300 እጥፍ ገደማ ነው። ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር!

ቤዛ፦ ታንኮቹ ጠንካራ ናቸው፣ አትፍራ። ብቻ ዱቄቱ ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም። ስሙ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው። ከክብደቱ 10.6 በመቶው ሃይድሮጅን ነው። ኮስቲክ ሶዳ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አርፎ ይቀመጣል። እንደ ሩቴኒየም ወይም ኮባልት ያለ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ ሲነካው ግን ሃይድሮጅኑ ይንፎለፎላል። ፈሳሹ ካታሊስቱን እንዳይነካ ካደረግህ ቀጥ ይላል። ደግሞ ከሚወጣው ሃይድሮጅን ግማሹ ከዱቄቱ ሳይሆን ከውሃው የሚመጣ ነው። እኔ እዚህ ጋ ነው የተሸነፍኩት።

ናሆም፦ እንደ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ማለት ነው። ማን አገኘው?

ቤዛ፦ ሽሌዚንገርና ኸርበርት ብራውን የሚባሉ ኬሚስቶች፣ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ። ሲፈልጉ የነበሩት በቀላሉ የሚተን የዩራኒየም ውህድ ነበር። ብራውን በኋላ በቦሮን ሥራው በ1979 ኖቤል አግኝቷል።

ናሆም፦ መኪና ላይስ ተሞክሯል?

ቤዛ፦ አዎ። በ2001 ክራይስለር ናትሪየም የሚባል የሙከራ ሚኒቫን አሳይቶ ነበር። አንዴ ተሞልቶ 480 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል ተባለ። ሁሉም ሰው ጉድ አለ።

ናሆም፦ ታዲያ የት ገባ?

ቤዛ፦ አተላው ያዘው። ሃይድሮጅኑ ከወጣ በኋላ ሶዲየም ሜታቦሬት የሚባል ነገር ይቀራል። ቤንዚን ሲነድ በጭስ ማውጫ ወጥቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ግን ሰልባትዮው ውስጥ ቁጭ ይላል። ማደያ ስትደርስ መጀመሪያ ማስቀዳት፣ ከዚያ መሙላት ነው።

ናሆም፦ ሁለት ቱቦ ያለው ማደያ!

ቤዛ፦ በዚያ ላይ ውሃው አለ። ውሃው ካነሰ አተላው ይረጋና ቱቦ ይዘጋል። ከበዛ ደግሞ ውሃ ተሸክመህ ነው የምትዞረው። ከፈሳሹ ዱቄቱ 20 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ያ 10.6 ያልኩህ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል።

ናሆም፦ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው 10.6ቱ ነዋ።

ቤዛ፦ ዋናው ግን እሱም አይደለም። አተላውን መልሶ ዱቄት ማድረግ ነው መከራው። ቦሮንና ኦክስጅን አንዴ ከተያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። በተለመደው አሠራር የሶዲየም ብረት ያስፈልጋል። ሶዲየም የሚወጣው ደግሞ የቀለጠ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ በመስደድ ነው። መጨረሻ ላይ ከምታገኘው ኃይል የምታወጣው በብዙ ይበልጣል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤትም በ2007 ለመኪና የሚሆን አይደለም ብሎ ዘጋው።

ናሆም፦ ሞቷል በይኛ።

ቤዛ፦ ለመኪና በእኔ እምነት አዎ። ለድሮንና ተሸክመኸው ለምትሄደው ትንሽ ጄኔሬተር ግን ሌላ ነው። እዚያ ዋጋው ተወደደ ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም፤ ክብደቱ ነው የሚታየው። ተመራማሪዎችም አልተዉትም። አተላውን ከማግኒዥየም ጋር የብረት ኳስ ባለበት ወፍጮ ይፈጩታል፤ ዱቄቱ ተመልሶ ይመጣል። ሶዲየም ብረት አያስፈልግም።

ናሆም፦ ይሄማ ግሩም ነው! ማግኒዥየሙስ በምን ይሠራል?

ቤዛ፦ ወይ በኤሌክትሪክ፣ ወይ በከሰል እሳት።

ናሆም፦ ኧረ ተይኝ!