ቴከን 3፦ ከመምታት በፊት መከላከል

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የጌም ቤት ባለቤቶች፣ እናንተም ጣታችሁን የሚያሳክካችሁ ተጫዋቾች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዘዞም ከማራኪም በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፤ ላብ ያለበት እጅ ጆይስቲክ ያንሸራትታል።

ዛሬ የምንጫወተው ሁለት ሰው እጅ ለእጅ የሚፋለምበት ጌም፣ ቴከን 3 ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን። «አዲሱ እያለ አሮጌው ለምን?» ላላችሁ መልስ አለን። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ናምኮ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሳንቲም በሚጎርሰው ትልቁ የመጫወቻ ማሽን ላይ ነበር። በ1998 ወደ ቤት ሲያመጣው ፕሌይስቴሽን ያለው ዋና ራም (የሥራ ማስታወሻ) 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ከተፋላሚዎቹ ጀርባ ያለው ሥፍራ ጠፍጣፋ ሥዕል ሆነ፤ እንቅስቃሴው ግን በሴኮንድ 60 ምስል እንደሆነ ቀረ። በእኛ ዐይን ጥሩ ንግድ ነው። ከተፋላሚዎቹ አንዱ፣ ፖል ፊኒክስ፣ ሲመታ ጀርባው ያለውን ተራራ የሚያይ ማን አለ?

ጀርባቸው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ያስደረደርነውም ለዚሁ ለእንቅስቃሴው ፍጥነት ብለን ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ምስሉን ተቀብሎ እስኪያበጃጅ ይዘገያል። መዘግየቱ 4 ምስል ቢሆን እንኳ 67 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ወሬ ስታወሩበት ምንም አይደለም፣ ዝቅተኛ ምት ስትከላከሉበት ግን ራውንድ ያስበላል።

ቤታችሁ አሮጌ ማሽን ላላችሁ ሁለት ነገር እንንገራችሁ። ከአሜሪካ የመጣው ፕሌይስቴሽን የተሠራው ለ120 ቮልት፣ የጃፓኑ ለ100 ቮልት ነው። የኛ ሶኬት 220 ነው፤ መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳታደርጉ ከሰካችሁት ፓወር ሳፕላዩ ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ማሽኑን ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት። ማሽኑ በኤንቲኤስሲ (በአሜሪካና በጃፓኑ የቀለም ሥርዓት) እየላከ ቴሌቪዥኑ የአውሮፓውን ፓል ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን የቀለም ማስተካከያ እዩ። የአውሮፓው ፓል ምስሉን በሴኮንድ 50 ጊዜ ነው የሚያድሰው፤ በ60 የለመደ እጅ እዚያ ላይ ይቸኩላል።

ዲስኩ ሥሩ ጥቁር የሆነው ኦሪጅናሉ ነው። ስትጠርጉት ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ፤ እንደ ምጣድ ማሰሻ ዙሪያውን አትዙሩበት። ዙሪያውን የሄደ ጭረት መረጃው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ሌንሱ ብዙ መረጃ በተከታታይ ይስታል። አንዳንዱ ማሽኑን ገልብጦ የሚያጫውተው ያለምክንያት አይደለም፦ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ እየተበላ ሌንሱ ይዘማል፣ ሲገለበጥ ለጊዜው ይስተካከላል።

አሁን ወደ ፍልሚያው። ካሬ የግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘን የቀኝ እጅ፣ ኤክስ የግራ እግር፣ ክብ የቀኝ እግር ነው። የመከላከያ ቁልፍ የለም፤ መከላከያችሁ ወደ ኋላ መያዝ ነው። ቆማችሁ ወደ ኋላ ስትይዙ ከፍተኛውንና መካከለኛውን ምት ትመልሳላችሁ፤ ዝቅተኛውን ለመመለስ ታች-ኋላ። ቁጢጥ ላለ ሰው ከፍተኛው ምት በአናቱ ያልፋል፣ መካከለኛው ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ሙሉ ራውንድ ቁጢጥ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

የፖልን ትልቁን ቡጢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ታች፣ ታች-ፊት፣ ፊት፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን። አቅጣጫዎቹ ሳይቋረጡ በአንድ መንሸራተት ነው የሚሄዱት። አልወጣ ብሎ ተራ ቡጢ ከሆነባችሁ መሐሏን ታች-ፊት ዘላችኋታል፣ ወይም የጆይስቲኩ ውስጥ ጎማ አልቋል። ጎማው ከሆነ ተከፍቶ የካርቦኑ መንኪያ በአልኮል ይጠረጋል፤ ዘይት አይነካውም። ይህ ቡጢ የሚመጣበት ሰው ደግሞ አይደንግጥ። ላይ ወይም ታች ነካ አድርጎ ይልቀቅ፣ ወደ ጎን ይላል። ላይን ይዞ ከቆየ ግን ይዘላል፤ አየር ላይ እያለ ቡጢው ያገኘዋል። በመከላከያ ከተቀበላችሁትም ፖል ክፍቱን ይቀራል፤ ያኔ ምቱ የእናንተ ነው።

ኤዲ ጎርዶን ግማሻችሁ እንደምትመርጡት እናውቃለን። የእኛ እስክስታ በትከሻ ነው፣ የእሱ ካፖይራ፣ የብራዚሎቹ የፍልሚያ ጭፈራ፣ በእግር። ኤክስና ክብን ዝም ብሎ የሚደበድብ ሕፃን ዐዋቂን ሲያሸንፍ፣ ዐዋቂው የሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ምቱ ሳያልቅ መሐል ይገባል። ከመከላከያ አትውጡ፤ ምቱ ሲያልቅ ግቡ። ኤዲ መሬት ላይ ሲጋደም ካሬን አትጫኑ። የግራ ቡጢ ፈጣን ቢሆንም ከፍ ብሎ ስለሚሄድ በላዩ ያልፋል። ታች ይዞ ክብ መጫን ለአብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት ዝቅ ያለ እርግጫ ያወጣል፤ እሱ ይሻላል።

ስትያዙም ተስፋ አትቁረጡ። በካሬና ኤክስ የያዛችሁን በካሬ፣ በሦስት ማዕዘንና ክብ የያዛችሁን በሦስት ማዕዘን ታስለቅቃላችሁ። ማየት ያለባችሁ የትኛው እጅ ቀድሞ እንደመጣ ነው፤ ሁለቱንም ማንጫጫት አይሠራም። አሥሩን ተከታታይ ምት የሸመደዳችሁ ልጆች፣ ያምራል፤ ግን የሚያውቀው ሰው የቱ ጋ ቁጢጥ እንደሚል ያውቃል።

ሕጉ አጭር ነው። 3 ራውንድ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ጎን የተባለው ትንሹ ዳይኖሰርና ዶክተር ቦስኮኖቪች አይፈቀዱም፤ ጎን ቁመቱ ስለማይደርስ ከፍተኛ ምት በአናቱ ያልፋል፣ ይህ ደግሞ ፍልሚያ አይባልም። የእንጨቱ ሰው ሞኩጂን የሌሎችን ስልት ስለሚወስድ ምን እንደሚደርሳችሁ አታውቁም፤ ድፍረቱ ያለው ይምረጠው። ቁልፍ የማይሠራለት ሰው ራውንዱ ከመጀመሩ በፊት ይናገር፤ ከተሸነፈ በኋላ ጆይስቲክ አይከሰስም።

መብራት ከጠፋ ያለቀው ራውንድ ይቆጠራል፣ ያላለቀው እንደገና ይጀመራል። መብራቱ ሲመለስ አስተባባሪው እስኪያበራው ድረስ ማሽኑን ማንም አይንካ፤ ሜሞሪ ካርድ እየጻፈ ሳለ ከተነቀለ የተከፈቱት ገጸ ባሕርያት ሊጠፉና እንደገና ከመነሻዎቹ 10 ገጸ ባሕርያት መጀመር ሊኖርብን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ተጫዋቾች፣ እጃችሁን ጠርጋችሁ ወደ ቴሌቪዥን 1 እና 2 ቅረቡ።