ካንተም ጭምር

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ የእትዬን፣ የታላቅ እህቴን፣ ነገር ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ ብያችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ልቀዳ ተቀምጬ ሦስቱንም ጊዜ ሳልጨርስ ተነሥቻለሁ፤ ዛሬም እስከ የት እንደምዘልቅ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማክሰኞ ማታ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተጠጋግተን ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ነዘረ፤ ከዱባይ የተላከ የእትዬ የቴሌግራም መልእክት ነበር። ስከፍተው ከደብተር በተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ላይ፣ በዚያ በምታውቁት የተስተካከለ የእጅ ጽሑፏ፣ ከ1 እስከ 12 ቁጥር የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ ከግርጌውም የዋሌቷ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዋ፣ አድራሻ ተጽፏል። ፎቶውን ተከትሎ አጭር የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ድንገት አንድ ነገር ብሆን አንተ ጋ ይኑር። አደራ።»

እነዚያ 12 ቃላት የይለፍ ቃል አይደሉም። ፒኑ የሚዘጋው የእርሷን ስልክ ብቻ ሲሆን ቃላቱ ግን ገንዘቡ ራሱ ናቸው፤ በቅደም ተከተላቸው የያዛቸው ሰው በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ስልክ ላይ ዋሌቱን ከፍቶ የዘጠኝ ዓመት ላቧን መውሰድ ይችላል፤ ወስዶም ቢሆን አቤት የሚባልበት ባንክ የለም። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት የስልኬን ብርሃን እንኳ ሳልቀንስ በሰው መካከል ከፍቼ ይዤው ነበር። በግራዬ የተቀመጠው ወጣት ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲመልስ አየሁት። ከየት እንደመለሰው ግን አላየሁም።

ስልኩን ጭኔ ላይ ገለበጥኩት። ስንት ሰከንድ ተከፍቶ ቆየ? አራት ይሆን ስምንት? ወጣቱ ምንም ላያይ ይችላል፤ ቢያይም ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ቃላቱ የሚመረጡት ለሁሉም ከሚታወቅ 2048 ቃላት ካለው አንድ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም የተሠራው የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ብቻቸውን ቃሉን ለይተው እንዲያሳዩ ሆኖ ነው። አንድ ሰው አሥሩን ቃላት በየቦታቸው ቢይዝና ሁለቱ ቢጎድሉት፣ የሚቀረው 2048 በ2048 ሲባዛ የሚገኘው አራት ሚሊዮን ያህል ሙከራ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኮምፒውተር ትንሽ ሥራ ነው። ይህን ሒሳብ ቤት ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቆሜ ሠራሁት።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ቴሌግራሜ ፎቶዎችን በራሱ ጋለሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጋለሪው ደግሞ በራሱ ወደ ጎግል ፎቶስ ይልካል። ፎቶው እኔ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ሦስት ቦታ ደርሷል ማለት ነው። ባጠፋውም ከጎግል ፎቶስ መጣያ እስኪጠፋ 60 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ መጣያውንም ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። በ2025 መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ ስፓርክካት ብሎ የጠራውን ቫይረስ ያገኘው በአፕልና በጎግል መደብሮች ውስጥ በነበሩ መተግበሪያዎች ላይ ነው፤ ሥራውም የሰውን ፎቶ እያነበበ ልክ እንደዚህ ያሉ ቃላትን መልቀም ነበር። ቢትፊኔክስ ከተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ በ2016 ከተዘረፈው ወደ 120,000 ቢትኮይን ውስጥ የአሜሪካ መርማሪዎች በ2022 ከ94,000 በላይ የያዙት፣ ቁልፎቹ ኢንተርኔት ላይ በተቀመጠ አንድ ፋይል ውስጥ ስለተገኙ ነው። ያን ያህል ገንዘብ የያዘ ሰው እንዲህ ካስቀመጠ እትዬን በምን አፌ እወቅሳለሁ?

አልወቀስኳትም። ደወልኩና መልእክቱን ከሁለታችንም በኩል እንድታጠፋው፣ አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት እንድትከፍት፣ ቃላቱን በወረቀት ላይ ብቻ እንድትጽፍ፣ ገንዘቡንም ዛሬውኑ ወደዚያ እንድታዞር ነገርኳት። ፒን መቀየር እንደማይበቃ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ገንዘቡን የማሸሸው ካንተ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ነው የተናገርኩት። «አዎ፣ ካንተም ጭምር በይ» አልኳት። ስልኬ ነው የተበከለው፣ አንቺን የሚጎዳሽ የእኔ ክፋት ሳይሆን የእኔ መዘናጋት ነው ማለቴ ነበር። እርሷ የሰማችው ግን አደራዋን እንደመለስኩባት ነው። እናታችን ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ ስትዞር የት እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አይነካውም ነበር። እትዬ ያደገችው በዚያ መቀነት ሥር ነው። ልዩነቱ፣ መቀነቱን የሚፈታ ሰው እናታችን አጠገብ መድረስ ነበረበት… ወይም ምናልባት ምሳሌው አያስኬድም፤ ልተወው።

ዝውውሩ ሁለት ቀን ዘገየ። ገንዘቧ ትሮን በሚባል መረብ ላይ ያለ ዩኤስዲቲ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ ለመላክ ደግሞ ለክፍያው የመረቡ የራሱ ገንዘብ፣ ትንሽ ትሮን፣ ዋሌቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ እርሷ ጋ አልነበረም፤ እስክትገዛ ድረስ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ፎቶውን ከማጥፋቴ በፊት ከግርጌው ያለውን አድራሻ ቀድቼ አስቀርቼ ነበር፤ ገንዘቡ በሰላም መውጣቱን ለማረጋገጥ ብዬ ነው። በእነዚህ መረቦች ላይ አድራሻን የያዘ ሁሉ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ስም፣ ስንት እንዳለ፣ መቼ እንደገባና ወዴት እንደሄደ ማየት ይችላል። ሐሙስ ሌሊት ሲወጣ አየሁት። ሙሉው በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ አድራሻ ገባ፤ ስለዚህ አዲሱንም አወቅሁት።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። ከኔ እንድታሸሸው የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ተከትዬ ያየሁትም እኔው ነኝ። መውሰድ አልችልም፣ ቃላቱ የሉኝም፤ ይህ ግን ማየቱን ንጹሕ ያደርገዋል ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ካየሁ በኋላ መተው ነበረብኝ። አልተውኩትም፤ ማታ ማታ እከፍተዋለሁ።

አዲሱን ወረቀት የት እንዳኖረችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የፈራችው ነገር ቢደርስ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለዘላለም እየታየ ማንም የማይነካው ሆኖ ይቀራል። ለሁለት የታመኑ ሰዎች በየፊናቸው የሚሰጥ ነገር፣ ከቃላቱ ሌላ በቃል የሚያዝ ተጨማሪ የይለፍ ቃል፣ ብዙ መንገድ አለ፤ ላስረዳት እፈልጋለሁ፤ ግን አሁን ስደውል ስለ ልጆቹና ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው የምታወራኝ።

ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ ከአዲሱ አድራሻ ትንሽ ገንዘብ ወጥቶ አየሁ፤ ወደማላውቀው ቦታ ነው የሄደው። እርሷ ራሷ ልካው ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ የእርሷ ነው፣ ለምን አትልክም። ላይሆንም ይችላል። ልጠይቃት ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ እንዴት አወቅህ ብትለኝ…