«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ። ዛሬ ስለ የተቀናጀ ሕክምና ሥልጠና እናወራለን። ዘመናዊውን ሕክምና ሳይለቁ፣ ከሌላው መንገድ ማስረጃ ያለውን መርጦ አብሮ መጠቀምን ለሐኪም፣ ለነርስና ለፋርማሲስት ማስተማር ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ትልቁን መንገድ የጠረገው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር አንድሩ ዋይል ፕሮግራሙን በ1994 እ.ኤ.አ. መሠረቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ፌሎዎች፣ ማለትም ተጨማሪ ሥልጠና የሚወስዱ ሐኪሞች፣ በ1997 ገቡ። ፌሎሺፑ ዛሬ ሁለት ዓመት፣ 1,000 ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኔ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ግን 200 ሰዓት ለሚፈጀውና በሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን በሚሠለጥኑ ሐኪሞች) መደበኛ ሥልጠና ውስጥ ለሚገባው ትምህርት ነው። ፌሎሺፑን የሚፈልገው ቀድሞም ልቡ የከጀለ ሐኪም ነው፤ የ200 ሰዓቱ ግን ጨርሶ ያልከጀለውንም ያገኘዋል። ዕፅ ከመድኃኒት ጋር ሲጋጭ ታማሚው የሚሄደው ደግሞ ወደዚያ ወዳልከጀለው ነው።

ግጭቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሴንት ጆንስ ዎርት ለድብርት የሚወሰድ ዕፅ ነው። ጉበትና አንጀት ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን ኢንዛይም ያበዛል፤ ስለዚህ ሌላው መድኃኒት ሥራውን ሳይሠራ ይፈራርሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ዕፁን ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ፣ ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በደማቸው ውስጥ በአማካይ በ57 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ልብ የተተከለላቸው ሁለት ታማሚዎች ሰውነት የተተከለውን እንዳይቃወም የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በደማቸው ውስጥ ወርዶ ሰውነታቸው ልቡን መቃወም እንደጀመረ ተዘገበ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዕፁ ሲቆም የሚመጣውን ነው። ኢንዛይሙ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። መሐል ላይ የመድኃኒቱ መጠን ተጨምሮ ከነበረ፣ አሁን በዝቶ ይመርዛል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ፣ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው «የለም» ይላል። አልዋሸም፤ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ለእሱ መድኃኒት አይደሉማ! ስለዚህ መጀመሪያ «ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ሞከሩ?» ይባላል። ቀጥሎ በስም ይጠራል፦ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ኮሶ። ፊት ሳይቋጠር። ፊቱን የቋጠረ ሐኪም ሁለተኛውን መልስ አያገኝም። ከዚያ ስንት ማንኪያ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር፣ ከመቼ ጀምሮ? ካርዱ ላይ «ባህላዊ መድኃኒት ይወስዳል» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም። «ፌጦ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በማር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ፣ ለሆድ ቁርጠት» ቢባል ግን ይነግረዋል። ኮሶን የወሰደ ሰው «ዓይኔ ደከመብኝ» ካለ መጠኑ ወዲያው መጣራት አለበት፤ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል።

ፀበልም እንደዚሁ በግልጽ ይጠየቅ። አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መናገራቸው ብዙ በር ከፍቷል። ሐኪሙ ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም። «ስንት ቀን ይሰነብታሉ? መድኃኒቱ እስከዚያ ይበቃዎታል? እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጠዋት ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም የስኳር ታማሚ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የሚወስድበት ሰዓትና መጠን አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው።

ሥልጠናው የሚከሽፈው የት ነው? ብዙ ጊዜ በአንድ ቀናተኛ መምህር ላይ ሲንጠለጠል ነው፤ እሱ ሲለቅ ኮርሱም ይቀራል። የቅዳሜና እሁድ ሰርተፍኬት ደግሞ ያሳስበኛል። የት አቁሙ እንደሚባል ሳያስተምር ድፍረት ብቻ ይሰጣል። ለቆየ የወገብ ሕመም የአሜሪካ ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት በፊት አኩፓንክቸርና ዮጋን ጭምር እንዲሞከሩ መክሯል። በሕመሙ ላይ ሽንት መቋጠር ካቃተ ወይም እግር ከዛለ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ፈተናውም ቢሆን የዕፅ ስም ማስቆጠሩን ይተወውና በኦስኪ፣ ማለትም ታማሚ መስሎ በሚቀርብ ሰው ፊት በሚሰጥ የተግባር ፈተና ይሁን። አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰው ታማሚ ሆኖ ይቀመጥ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ነጭ ሽንኩርት በብዛት የሚበላ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ቀዶ ሕክምና ያለው። ተማሪው ነጭ ሽንኩርቱን ጠይቆ ካላወጣው፣ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት ይቁም ካላለ፣ ካርዱም ላይ ካልጻፈው አላለፈም።