«እስቲ ደግሜ ልያት»

እንደምን አመሻችሁ። ቡናው እየደረሰ ስለሆነ መግቢያ አላበዛም። የዛሬዋ ደራሲያችን አይሪስ መርዶክ ናት። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ1919 ደብሊን ተወለደች። ገና ጨቅላ ሳለች ወላጆቿ ለንደን ወሰዷት፤ ኑሮዋም ሥራዋም እዚያው እንግሊዝ ሆነ። እሷ ግን አየርላንዳዊት ነኝ ማለቷን አልተወችም። ኦክስፎርድ ተማረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር ሠራች፤ ቀጥሎም ኦስትሪያ ውስጥ ጦርነቱ ያፈናቀላቸውን ሰዎች ረዳች። አሜሪካ ሄዳ የመማር ዕድል ብታገኝም፣ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርሽ ተብላ ቪዛ ተከለከለች። ከ1948 ጀምሮ ኦክስፎርድ ውስጥ 15 ዓመት ፍልስፍና አስተማረች።

የመጀመሪያ ልብወለዷ በ1954፣ የመጨረሻው በ1995 ወጣ። በ41 ዓመት 26 ልብወለድ! ሁሉንም በእጇ ነው የጻፈችው። አርታኢ ቃሏን እንዲነካባትም አትፈቅድም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ቢነኩላት የሚሻላቸው አሉ፤ አንዳንዶቹ በጣም ረዝመዋል።

እኔን የያዘችኝ ግን በልብወለድ ሳይሆን በ1970 ባሳተመችው የፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ ባለች አንዲት አማት ነው። አማትየዋ ምራቷን አትወዳትም። ልጄ የማትመጥነውን አገባ፣ ጯሂ ናት፣ ልጅነቷ አልለቀቃትም ትላለች፤ በልቧ ነው እንጂ ጨዋ ስለሆነች ፊቷ ላይ አይነበብም። ምራቲቱ አገር ለቃ ሄዳለች ወይም ሞታለች እንበል ትለናለች መርዶክ። አማትየዋ ታዲያ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ቅናትም አለብኝ፣ እስቲ ደግሜ ልያት ትላለች። ቀስ በቀስ ጯሂዋ ተጫዋች፣ ልጅ ልጅ የምትለዋም ለዛ ያላት ወጣት ሆና ትታያታለች። ለጎረቤት የሚታይ አንድም ነገር አልተደረገም። መርዶክ ግን ትልቅ ሥራ ተሠርቷል ባይ ናት።

በ1978 ታላቁን የእንግሊዝ የልብወለድ ሽልማት፣ ቡከርን ያስገኘላት «ባሕሩ፣ ባሕሩ» የዚህች አማት ተቃራኒ ነው። ጡረታ የወጣ የቴአትር አዘጋጅ ባሕር ዳር ቤት ገዝቶ ይቀመጣል። እዚያ የልጅነት ፍቅረኛውን ያገኛታል፤ አርጅታለች፣ ባለትዳር ናት። በፍቅር ስም ቤቱ ወስዶ ይቆልፍባታል። አፈቅራታለሁ እያለ አንድ ጊዜ እንኳ አላያትም።

የመጨረሻው መጽሐፍ ሲወጣ ሃያስያንን ግር አላቸው። በ1997 አልዛይመር፣ ያ ትውስታን የሚያጠፋው የአንጎል በሽታ፣ እንደያዛት ታወቀ፤ በየካቲት 1999 አረፈች። ከሞተች በኋላ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን፣ «ባሕሩ፣ ባሕሩ»ንና የመጨረሻውን ልብወለድ ቃል በቃል አነጻጸሩ። በመጨረሻው ውስጥ የቃላት ሀብቷ ሳስቶ አገኙት፤ ሐኪም ሳያውቀው በሽታው ገጹ ላይ ነበር። ይህን ማየት የቻሉት፣ ያቺ ግትር ሴት አርታኢ ስላላስነካች ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልብወለድ ሁለት ገጽ ይነበብልናል። ከዚያ ቡና።