ጣናን ያደረቅሁበት ግራፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ ጣናን አንድ ጊዜ አድርቄዋለሁ። አትሳቁ። የሐይቁን ዕለታዊ ከፍታ በመስመር ግራፍ ሠርቼ እዚሁ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መስመሩ ቁልቁል ተወርውሮ ዜሮ ነካና በአራተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ያን ሰሞን ዓሣው የት ሰነበተ?» አሉኝ።

ልኬት ላልተወሰደባቸው ቀናት መዝገቡ ላይ የነበረው ሰረዝ (–) ነው። ሴሉ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ሰረዙን 0 ያደረግሁት እኔ ነኝ። የጣና ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ነው፤ የክረምትና የበጋው ልዩነት ደግሞ በተለምዶ ሁለት ሜትር አይሞላም። ግራፉ ከ0 ሲነሳ ይህ ሁሉ ይደፈጠጣል። በ1995 ሐይቁ ክፉኛ ቀንሶ ጀልባዎች የቆሙበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ያ መውረድ እኔ ግራፍ ላይ ቢገባ የጸጉር ያህል አይታይም ነበር።

አፍሬ የእነዚያን ቀናት ረድፎች ጨርሶ አጠፋኋቸው። መስመሩ ተያያዘ፣ አማረም። ይሄኛው ግን ይብሳል፤ ማንም አይጠይቅበትም።

ለጣና የሦስት ቀን ክፍተት በመስመር ቢያያዝ ብዙ አያሳስትም፤ ሰፊ ውሃ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ወደ ጣና የሚገቡት የርብና የጉማራ ወንዞች ግን በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። ፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሲወጣ መለኪያው ራሱ በውሃ ሊዋጥ ይችላል፤ መለኪያውን የሚያነበውም ሰው ወንዙ ዳር መድረስ ያቅተዋል። ቁጥሩ የሚጠፋው እንግዲህ ውሃው በበዛበት ቀን ነው። በፊትና በኋላ ያሉትን ነጥቦች ስናገናኝ የጎርፉን ጫፍ ቆርጠን ጣልን ማለት ነው። የግድ ማገናኘት ካለባችሁ በነጠብጣብ መስመር ይሁን፤ ግምት መሆኑ ይታይ።

ኤክሴል በእውነት ባዶ የሆነን ሴል በመስመር ግራፍ ላይ ክፍት ይተወዋል፤ በዜሮ መሙላትም ማገናኘትም ከምርጫዎቹ ውስጥ አሉ። ወጥመዱ ቀመር ነው። በሁለት ትእምርተ ጥቅስ ባዶ ጽሑፍ የሚመልስ ቀመር ለዓይን ባዶ ይመስላል፣ ግራፉ ግን 0 ብሎ ይስለዋል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የጎደለውን ዋጋ ካላጠፋችሁት መስመሩ ራሱ ይቋረጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ በሁለት ክፍተት መሃል ብቻዋን የቀረች ልኬት መስመር የምታደርገው ጎረቤት ስለሌላት ጨርሶ አትታይም። ነጥብ አድርጉባት። ሰው በዝናብ ሄዶ ያነበባት ቁጥር ናት።

አሁን ወደ ልምምዱ። ፋይሎቹ ላፕቶፖቻችሁ ላይ አሉ። የመጀመሪያው የእኔው የነሐሴ ሠንጠረዥ ነው፤ 0ዎቹን አልነካኋቸውም። ፈልጋችሁ አውጧቸው።