ዜሮ እኩል ይሆናል 12

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ሁለት መስመሮች ለምን ትይዩ ይሆናሉ ሲባል፣ "ስሎፓቸው እኩል ስለሆነ" የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። ልክ ነው፤ ግን ለምን እንደማይገናኙ አይነግረንም። (ስሎፕ ማለት መስመሩ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ የሚናገር ቁጥር ነው።)

ወረቀት ያዙ። አንደኛው ኢኩዌሽን፦ 2 ኤክስ ሲደመር 3 ዋይ እኩል ይሆናል 6። ሁለተኛው፦ 4 ኤክስ ሲደመር 6 ዋይ እኩል ይሆናል 24። እዚህ ላይ 2 እና 4ን ብቻ አይቶ "ስሎፓቸው ይለያያል" የሚል ብዙ ነው። ዋይ ለብቻው ሳይወጣ ስሎፕ አይነበብም። ሁለተኛውን በሙሉ ለ2 አካፍሉት፤ 2 ኤክስ ሲደመር 3 ዋይ እኩል ይሆናል 12 ይሰጣችኋል። አሁን ግራ ግራውን እዩት፣ አንድ ነው! የፈለጋችሁትን ነጥብ ብትመርጡ፣ ያው ድምር 6ም 12ም ሊሆን አይችልም። የጋራ ነጥብ የሌላቸው ለዚህ ነው።

በግራፉ ላይ ደግሞ ዋይን ለብቻው ስታወጡ የሁለቱም ስሎፕ ኔጌቲቭ 2/3 ነው፤ ወደ ቀኝ 3 ስትሄዱ 2 ትወርዳላችሁ። አንዱ የዋይን ዘንግ 2 ላይ ይቆርጣል፣ ሌላው 4 ላይ። ኤክስ 3 ሲሆን አንዱ 0፣ ሌላው 2 ላይ ነው። ኤክስ 300 ሲሆን ኔጌቲቭ 198 እና ኔጌቲቭ 196። እኩል ስለሚወርዱ የ2 ክፍተታቸው አይጠብም፣ አይሰፋም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪው አንደኛውን በ2 አባዝቶ ከሁለተኛው ይቀንሳል፤ ኤክስም ዋይም ይጠፉና 0 እኩል ይሆናል 12 ይቀራል። ደንግጦ የሠራውን ሁሉ ያጠፋል። አታጥፉት! መልሱ እሱ ነው፤ መፍትሔ የለም፣ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው ማለት ነው። 0 እኩል ይሆናል 0 ቢመጣ ኖሮ ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው።

ኤክስ እኩል ይሆናል 3 እና ኤክስ እኩል ይሆናል 7 ስሎፕ የላቸውም፤ ቀጥ ብለው የቆሙ ትይዩዎች ናቸው።

ዓይናችሁንም ብዙ አትመኑት። አንዱ ዋይ እኩል ይሆናል 0.5 ኤክስ ሲደመር 1፣ ሌላው ዋይ እኩል ይሆናል 0.51 ኤክስ ቢሆን፣ ኤክስን እስከ 10 ብቻ ብትስሉ ትይዩ ይመስላሉ። ግን ኤክስ በ1 በጨመረ ቁጥር ክፍተቱ በ0.01 ይጠባል፤ ኤክስ 100፣ ዋይ 51 ላይ ይገናኛሉ።