ባልጩት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ከምኖርበት ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለ አነስተኛ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ያለበት መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ቢርቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም በዚያ መንገድ ለዓመታት ስመላለስ በአዋሽ አጠገብ ያሉትን ጎጆ መሰል የማሳያ ቤቶች ለማየት አንድም ቀን ከመኪና ወርጄ አላውቅም ነበር። ስፍራው ከባልጩት መንደር ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግን አፈርሁና ሄድሁ።

ቀልቤን የያዘው አንድ ጥቁር የድንጋይ መሣሪያ ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዐለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስታወት ነው፤ በዚያው አካባቢ ስምቢሮ በተባለው ቦታ ከእርሱ የተጠረቡ፣ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ የጠራቢው ምት ካረፈበት ጠርዝ ተነሥቶ፣ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚሠራው ያለ ሞገድ በመስታወቱ ላይ እንደ ረጋ ቀርቷል። የግራና የቀኝ ጎኑ መመጣጠን ለመቁረጥ ብቻ ያስፈለገ አይመስለኝም፤ እኔ ኪነ ጥበብ ነው እላለሁ፣ ባለሙያዎቹ ይከራከሩበት።

ከዚያ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው በልጅነታቸው ይተኙበት የነበረው ቁርበት በባልጩት ተፍቆ እንደ ለሰለሰ ሲያወጉን፣ የፋቁትን ሰዎች ሙያ አመስግነው ሲያበቁ፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ነውር እንደ ነበር ያለ አንዳች ማቅማማት ይጨምሩ ነበር። እኔም ብሆን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳላውቅ በሰፈር ልጆች ላይ ለስድብ ተጠቅሜበታለሁ። ድንጋዩን በመስታወት ሣጥን አክብረን አስቀምጠን፣ ያንኑ ድንጋይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይዞ የኖረውን እጅ ግን በስድብ ነው ያስታወስነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ብሆን ኖሮ፣ ከጥንታዊው መሣሪያ ጎን አንድ የተፋቀ ቁርበት አስቀምጥ ነበር።

በመመለሻዬ ባልጩት መንደር ወረድሁ። ስብርባሪው ከእግር ሥር ያብለጨልጫል። አንዱን አንሥቼ ስዳብሰው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ደሙን በመሐረብ ጠርጌ፣ ድንጋዩን ካነሣሁበት መልሼ አስቀመጥሁት።